ስሜን ላይ ገደሉ ነጥቶ፣ ጤዛው ደብዝዞ ለሚወጣበት

ሰላም ወንድማችን። በጥቅምት ለሦስት ቀን ስሜን ተራሮች ትወጣለህ፣ ያለህ 18-55 ሚሊሜትር ሌንስ ነው (18 ሰፊውን የሚያሳይ፣ 55 የሚያቀርብ)፣ ባለፈው ያነሳኸው ገደል ሁሉ ነጣ ብሎ፣ አበባና ጤዛው ደግሞ ደብዝዞ ወጥቶብሃል። ሌንስ ልቀይር ወይ ላልከው፣ አትቀይር።

ነጩ ነገር የካሜራ ጥፋት አይደለም። ከቆላው የሚነሳ አቧራና እርጥበት ነው፤ ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር ይብስበታል። እኛ አገር ደግሞ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ለስላሳው ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በጥቅምት የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ስለሆነ፣ 12 ሰዓት ላይ ትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያው) ተተክሎ መጠበቅ አለበት። አብሮህ የሚሄደውን የፓርክ ጠባቂ፣ ስካውቱን፣ ማታውኑ አነጋግረው። ጠዋት ሰው ስትቀሰቅስ ብርሃኑ ያልፍሃል።

አቅጣጫውንም አስብበት። ገደሉ በአብዛኛው ወደ ሰሜን ያያል፣ በጥቅምት ፀሐይ ደግሞ ወደ ደቡብ ያዘነበለች ናት። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ግድግዳው በራሱ ጥላ ውስጥ ነው፣ ሰማዩ ግን ያንጸባርቃል፤ ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ለካሜራ ይከብደዋል። ጠዋት ግን ከገደሉ ወጣ ወጣ ያሉት አፍንጫዎች በጎን ይበራሉ፣ በመሀላቸው ያለው ሸለቆ ጨለማ እንደሆነ ይቀራል። እሜት ጎጎ በሚባለው ጫፍ ላይ ጥልቀቱ የሚታየው በዚያ ጥላ ነው። ማታም ከ11 ሰዓት በኋላ ያው ነው፣ ብርሃኑ ከግራ ሆነ እንጂ።

ገንዘብ ማውጣት ካለብህ ፖላራይዘር ፊልተር ግዛ፤ ሌንሱ ፊት ላይ የሚገጠም፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት ነው። የሚሠራው ፀሐይ በጎንህ ስትሆን ስለሆነ፣ ጠዋት ወደ ሰሜን ለሚያነሳ ሰው የተሠራ ይመስላል። በ18 ግን ሰማዩን ግማሹን ጥቁር ግማሹን ፈዛዛ ያደርገዋል፤ ወደ 35 ጠጋ አድርገው። ብርሃንም ከግማሽ በላይ ይበላል፣ ያለ ትራይፖድ አትሞክረው።

ለሰፊው ገጽታ ራው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል)፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) 11። ከ16 በላይ አትሂድ፣ ምስሉ መልሶ ይለሰልሳል። በ18 ሚሊሜትር ፎከሱን 1.5 ሜትር አካባቢ ያለ ድንጋይ ላይ ብታደርግ ከ75 ሴንቲሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ተራራ ጥርት ይላል። ብዙ ሰው ፎከሱን ሩቁ ተራራ ላይ ያደርግና ፊት ለፊቱ ያለው ጓሳ ይጠፋበታል። ትራይፖዱ ላይ የመሀሉን ዘንግ አታውጣ፣ ገደል አፍ ላይ ነፋሱ ያወዛውዘዋል። በ2 ሰከንድ ታይመር አንሳ።

አሁን ወደ ትንንሾቹ። ረፋድ ላይ ጉሙ ከቆላ ሲወጣ ብዙ ሰው ካሜራውን ያስገባል። ለእኔ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ ጉም ትልቅ ነጭ መጋረጃ ነውና ጅብራ በሚባለው የደጋ ተክል ቅጠል ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አይኖርም። ፀሐይ ከሆነ ግን ነጠላ ዘርግተህ አጥላበት።

የሚደበዝዝብህ ምክንያቱ ይህ ነው፦ አንድን ነገር ሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉን የሚይዘው) ላይ በግማሽ መጠኑ እስኪያርፍ ካቀረብከው፣ በኤፍ 8 ጥርት የሚለው ውፍረት 2 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ትንፋሽህ ያንን ያሳልፍሃል። ስለዚህ ካሜራውን ከቅጠሉ ፊት ጋር ትይዩ አድርግ፣ አውቶ ፎከሱን አጥፋ፣ ከዚያ ቀለበቱን ሳትነካ ራስህ በጣም በቀስታ ወደፊት እያልክ አምስት ስድስት ጊዜ አከታትለህ አንሳ። አንዱ ይሆናል። የሻተሩ (የመዝጊያው) ፍጥነት ከ1/250 ሰከንድ አይውረድ፣ ለዚህ ሲባል አይኤስኦ 800 ቢሆን ግድ የለም። የሚወዛወዘውን አገዳ እንጨት ላይ በታሰረ የልብስ መቆንጠጫ ለስለስ አድርገህ ያዘው።

የበለጠ ለመቅረብ 16 ሚሊሜትር ኤክስቴንሽን ቲዩብ ይበቃሃል። ውስጡ መስታወት የለውም፣ በካሜራውና በሌንሱ መሀል የሚገባ ባዶ ቀለበት ነው። የኤሌክትሪክ መገናኛ ያለውን ምረጥ፤ የሌለው አፐርቸሩን (የኤፍ ቁጥሩን) መቆጣጠር ይከለክልሃል። ሌንሱንም 55 ላይ ተጠቀም፣ በ18 ፎከሱ ሌንሱ ውስጥ ይገባል።

ሳንቃበር ካምፕ አካባቢ አስታ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውን የዛፍ ሽበት (ክር መሳይ ሊከን) አትለፈው። ከፊት ካነሳኸው ግራጫ ጨርቅ ይመስላል። ዞረህ ፀሐይዋን ከጀርባው አድርግ፣ ከኋላው ጥላ ውስጥ ያለ ጥቁር ግንድ ይሁን፤ እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይበራል። ካሜራው ግን ጥቁሩን አይቶ ስለሚያነጣው ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን መጠን) በ1 ቀንስ።

ጅብራን ስታነሳ ቅጠል አትቁረጥ። ብዙ ዓመት ቆይቶ አንዴ ብቻ ያብብና ይሞታል።

ሌሊቱ ይበርዳል፣ ባትሪ ቶሎ ይሞታል፤ ትርፉን የውስጥ ኪስህ ውስጥ አድርገህ ተኛ። ከብርድ ወደ ሞቀ መኪና ስትገባ ካሜራውን አስቀድመህ ፌስታል ውስጥ አስረህ አስገባ። ጠሉ ከሌንሱ ይልቅ ፌስታሉ ላይ ያርፋል፣ ግማሽ ሰዓት ቆይተህ ፍታው።