የፈረስ ጅራት፦ ሌባ ነው ወይስ እከክ?

በዚህ እትም ስለ ፈረስ ጅራት ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል። የመጀመሪያውን ረዘም አድርገን የመለስነው፣ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ በብዛት የሚደርሰን እሱ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ዳማ ሰንጋ ፈረስ አለኝ። ከነሐሴ ጀምሮ የጅራቱ ላይኛው ፀጉር እያጠረ መጣ። ጎረቤቶቼ «ጭራ ሠርተው የሚሸጡ ሌቦች እየቆረጡብህ ነው» ይሉኛል። በረቱን ብቆልፍም አልቆመም። ምን ላድርግ? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ከቁልፉ በፊት የፀጉሩን ጫፍ ይመልከቱ። ለጭራ የሚሰርቅ ሰው የሚፈልገው ረጅሙን የታችኛውን ፀጉር ነው። ጨብጦ በአንድ ጊዜ ስለሚቆርጠውም ጫፉ እኩል ይሆናል። የእርስዎ ፈረስ ግን ያጠረበት ላይኛው ነው። ሁለት ሦስት ዘለላ በጣትዎ ይዘው ወደ ብርሃን ቢያዞሩት ጫፉን የተሰነጠቀና የተበጣጠሰ ሆኖ ያገኙታል። ይህ ምሰሶ ላይ የታሸ ጅራት ነው። በረቱ ውስጥ በፈረሱ መቀመጫ ቁመት ልክ ያለውን እንጨት ይፈትሹ፤ ፀጉር ተጣብቆበት፣ በመታሸት ብዛት ለስልሶ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚያሳክከውን መፈለግ ነው። ጅራቱን በእርጋታ ከፍ አድርገው ከፊንጢጣው ዙሪያ ይጀምሩ። ግራጫ ወይም ቢጫማ ሆኖ እንደ ደረቀ ሙጫ የተለጠፈ ነገር ካዩ የመርፌ ትል በሚባለው የአንጀት ትል ይጠርጥሩ። ሴቷ ትል ከአንጀት ወጥታ እንቁላሏን እዚያ ትለጥፋለች፤ የሚያሳክከውም ያ ነው። በፋንድያ ምርመራ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይልቅ ጠዋት ሳይታጠብ ግልጽ ፕላስተር (ስኮች) ቆዳው ላይ ለጥፈው ያንሱና ለእንስሳት ሐኪም ይውሰዱ፤ በማይክሮስኮፕ ወዲያው ይታያል።

መድኃኒቱ በክብደት ነው የሚለካው። የደረቱን ዙሪያ ከፊት እግሮቹ ኋላ በሴንቲ ሜትር ይለኩና ቁጥሩን በራሱ ያባዙ። ከዚያ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ባለው ርዝመት ያባዙና ለ11,880 ያካፍሉ። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 140 የሆነ ፈረስ ወደ 248 ኪሎ ይመጣል። አይቨርመክቲን በኪሎ 0.2 ሚሊ ግራም ስለሆነ 50 ሚሊ ግራም ያህል በአፍ ይሰጠዋል ማለት ነው። ለከብት የተሠራውን መርፌ ፈረስ ላይ አይውጉ፤ የተወጋበት ቦታ አብጦ ለሞት የሚያደርስ መመረዝ ሊከተል ይችላል። ይህ ትል አይቨርመክቲንን የለመደበት ጊዜም አለ። እከኩ ካልተወ ሐኪሙ ወደ ፒራንቴል ወይም ወደ ፌንቤንዳዞል ይቀይርልዎታል።

መድኃኒት ብቻውን ግን አይበቃም። የተለጠፈው እንቁላል በሦስትና በአምስት ቀን ውስጥ ለመተላለፍ ይደርሳል፤ ስለዚህ አካባቢውን በየቀኑ ለብ ባለ ውሃ በጨርቅ ይጥረጉ። ጨርቁን ያቃጥሉት፤ ባልዲውንም ሌላ ፈረስ አይጠጣበት። የሚታሽበትን ምሰሶና ግርግምም ይጠቡ።

ከፊንጢጣው ዙሪያ ምንም ካላገኙ የጅራቱንና የጋማውን ሥር ፀሐይ ላይ ገልጠው ይዩ። ከሰሊጥ ፍሬ ያነሰ የሚንቀሳቀስ ነገር ቅማል ነው። መድኃኒቱ ቅጫሙን ስለማይገድለው ሕክምናው ከ14 ቀን በኋላ ይደገማል። ቆዳው ወፍሮ ቅርፊት ከያዘ የእከክ ተባይ ሊሆን ስለሚችል ሐኪሙ ፍቆ ይመርምረው። ጅራቱም ጋማውም አንድ ላይ የሚያሳክከው፣ ያውም ክረምት ክረምት ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ የጥቃቅን ነካሽ ዝንቦች ነው። እነሱ የሚበዙት ረግረግ አጠገብ፣ ሲመሽና ሲነጋ ስለሆነ ፈረሱን ከ11 ሰዓት በፊት ያስገቡ፤ ፀሐይ ሳይወጣም አያውጡ። ጭስ ያባርራቸዋል፣ በተዘጋ በረት ግን ሳንባውን ይጎዳዋል።

ሰንጋ ስለሆነ አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር፦ የብልቱን ሽፋን ይመልከቱ። እዚያ የተጠራቀመ ጥቁር እድፍ የሚያሳክከው ፈረስ ያንን ማሸት ስለማይችል ጅራቱን ያሻል። ለብ ባለ ውሃ ብቻ ይጠቡለት፤ በሳሙና አይፈትጉት።

ጥያቄ፦ የጋሪ ፈረሴ ከጅራቱ ሥር ቆስሏል። በየማታው የተቃጠለ ዘይት እቀባዋለሁ፤ ጠዋት ሲጠመድ ግን እንደ አዲስ ይደማል። (ከሞጆ)

መልስ፦ ዘይቱን ዛሬውኑ ይተዉ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቆዳ ያቃጥላል፣ አቧራ ይይዛል፣ ቁስሉንም እንዳይተነፍስ አድርጎ ይደፍነዋል። ደግሞም ቁስሉ በሽታ አይደለም፤ የወዴላው ሥራ ነው። በጅራቱ ሥር ያለፈችው የናይለን ገመድ በእያንዳንዱ እርምጃ ያንኑ ቦታ ትጋዛለች። እዚያ ያለው ቆዳ ደግሞ ስስ ነው፤ ፀጉርም የለውም።

አንድ ሊትር ውሃ አፍልተው ያቀዝቅዙና 9 ግራም ጨው፣ ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ከግማሽ፣ ያሟሙበት። በዚህ ጠዋትና ማታ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ እያደረጉ ያድርቁ፤ አይፈትጉ። ዝንብ እንዳያርፍበት ጠርዙ ላይ ስስ ቫዝሊን ይበቃል። ትል ከታየበት፣ ከሸተተ ወይም ጅራቱ ካበጠ ለሐኪም ነው። ወዴላ ሳይነካው ከ10 እስከ 14 ቀን ካረፈ ብዙውን ጊዜ ይድናል። ገቢ እንደሚቀር እናውቃለን፤ ግን በየጠዋቱ የሚደማ ቁስል ወር ከሁለት ወር ቆይቶ ያንኑ ገቢ መልሶ ይወስደዋል።

ሲድን አዲስ ወዴላ ይሥሩለት። ለስላሳ ቆዳ በጥጥ ጨርቅ ላይ ጠቅልለው ከአውራ ጣት ወፈር ያለ፣ ሦስት ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ያድርጉት፤ ስፌቱ ከገላው በተቃራኒ ይዙር። ሲያስገቡ ጅራቱን አንስተው አንድም ፀጉር ከሥሩ እንዳይቀር ያውጡ፤ የተያዘች አንዲት ዘለላ ቆዳውን እንደ ቢላ ትከፍታለች። ከኋላው ጀርባ ላይ ባለው ጠፍር ሥር ሁለት ጣት መግባት አለበት። ላብ ሲደርቅ ጨው ሆኖ ቆዳውን ስለሚያጠነክረው በየማታው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ በሳምንት አንዴ ሞራ ይቀቡት።

አሁንም ከቆሰለ ጥፋቱ ከጋሪው ነው። ጭነቱ ወደ ፊት ሲከብድ ጀርባው ላይ ያለው ማረፊያ ወደ አንገቱ ይንሸራተታል፤ ወዴላውን ይጎትታል፤ ጅራቱ ያንን ሁሉ ይሸከማል። ጋሪው ተጭኖ ሳለ የእንጨቱን ጫፍ በአንድ እጅ ማንሳት ካቃተዎ ጭነቱን ወደ ኋላ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ነጭ ፈረሴ ጅራቱ ቢጫ ሆነ። በኦሞና በበረኪና ባጥበውስ? (ከሰንዳፋ)

መልስ፦ በረኪና ፀጉሩን ያሻክረዋል፣ ይሰባብረዋል፤ ኦሞ ደግሞ ቆዳውን ያደርቀውና ሌላ እከክ ያመጣል። በባልዲ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ሻምፖ ወይም የገላ ሳሙና አሟሙተው፣ ከጎኑ ቆመው፣ ረጅሙን ፀጉር 10 ደቂቃ ያህል ይንከሩት። ግንዱን፣ ማለትም ሥጋና አጥንት ያለውን ክፍል፣ በጣትዎ ጫፍ ይሹት። ማጠብ ቀላል ነው፤ የሚረሳው ማለቅለቁ ነው። ፀጉሩ በእጅዎ ውስጥ ማሙለጭለጩን እስኪተው ያለቅልቁ። ሲደርቅ ከታች ወደ ላይ በጣት ይፍቱት፤ ከላይ የጀመረ ማበጠሪያ ፀጉሩን ከሥሩ ይነቅለዋል። ጭጎጎት ከያዘው ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው ፀጉሩን ከጭጎጎቱ ላይ ዘለላ በዘለላ ያላቅቁ። የጅራት ፀጉር በወር ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ ዛሬ የተነቀለ 70 ሴንቲ ሜትር ለመመለስ ሦስት ዓመት ይፈልጋል።

እግረ መንገድዎን ከጅራቱ በታች ጥቁር ጠንካራ እባጭ መኖሩን ይዳስሱ። ጠቆር ብለው ተወልደው እያደር በነጡ ፈረሶች፣ በተለይ ከ15 ዓመት በላይ ሲሆኑ፣ እዚያ እባጭ በጣም የተለመደ ነው። ብዙ ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። አይፍረጡት፣ አይቁረጡት፣ ወዴላም አያሳርፉበት። መጠኑን በየሦስት ወሩ ይመዝግቡና ፈጥኖ ካደገ፣ ከቆሰለ ወይም ፋንድያ ሲጥል ካስቸገረው ለሐኪም ያሳዩ።

ጥያቄ፦ ለጥር 23 የፈረሰኞች በዓል ፈረሴን ሳስጌጥ ጅራቱ አምሮ እንዲውል ከዋዜማው ጠቅልዬ ባሳድረውስ? (ከእንጅባራ)

መልስ፦ ማሳደሩ ይቅር። የጅራቱ ግንድ ከ15 እስከ 21 ትንንሽ አጥንቶች ያሉበት፣ ሥጋው ጥቂት የሆነ ክፍል ነው፤ ደም ሥሩም ከሥር በቅርብ ያልፋል። ጠበቅ ያለ መጠቅለያ ደሙን ያግተዋል። ቀለል ሲል ፀጉሩ ረግፎ ነጭ ሆኖ ይበቅላል፤ ሲከፋ ቆዳው ይሞታል፤ የጅራቱ ጫፍ የሚቆረጥበትም ጊዜ አለ። ላስቲክ ከሁሉም የባሰ ነው፤ በፀጉሩ ውስጥ ተደብቆ ይረሳል።

ጠዋት በበዓሉ ዕለት ፀጉሩን (ጨርቁን ሳይሆን) በውሃ ያርሱ። የራሰ ጨርቅ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ብዙው ጉዳት የሚመጣውም ከዚህ ነው። ከላይ ወደ ታች እኩል እየጠቀለሉ ይውረዱ፤ ጣትዎ በቀላሉ ካልገባ ፈተው እንደገና ይጀምሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይፍቱት። ጥብጣብና ጌጥ ሲያስሩ የግንዱ መጨረሻ የት እንደሆነ በእጅዎ ጨብጠው ይፈልጉ፤ ቋጠሮው ከዚያ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ፀጉር ላይ ብቻ ይሁን። የዚያኑ ዕለት ማታ ሁሉም ይፈታ።

ጥያቄ፦ ማሲንቆ እሠራለሁ። ፈረሱን ሳልጎዳ ፀጉር የምወስደው እንዴት ነው? (ከጎንደር)

መልስ፦ ለክሩም ለመምቻውም ረጅም ፀጉር ስለሚያስፈልግዎ ጅራቱ ከቋንጃው በታች የወረደ ፈረስ ይምረጡ። ላይኛውን ፀጉር ገልጠው ከሥር ከተሸፈነው፣ እርሳስ የሚያህል ውፍረት ብቻ፣ ከግንዱ በታች በመቀስ ይቁረጡ። አይንቀሉ። ዝንብ በሚበዛበት ወቅት ከሆነ ጅራቱ ጎኑን መድረስ እስኪያቅተው አያሳሱት። የባዝራ ጅራት ሽንት ስለሚነካው ከድንጉላ ወይም ከሰንጋ የተወሰደ ይሻላል። በሳሙና አጥበው ጥላ ላይ ያድርቁት።

በድንገት ከሞተ ፈረስ ግን ፀጉር አይውሰዱ፤ ቢሰጡዎትም አይቀበሉ። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ ዘሩ ፀጉር ላይ ለዓመታት ይቆያል፤ በሳሙናም አይሞትም።