እሽግ ወይስ ያገለገለ? ለቤት ላፕቶፕ ለሚፈልጉ መምህር

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን የምኖር የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ለቤት የሚሆን ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ፈተና አዘጋጅበታለሁ፣ ውጤት በኤክሴል እሠራለሁ። ሁለቱ ልጆቼ ያጠኑበታል። ማታ ማታ ዩቲዩብ እናያለን፣ አሜሪካ ካለችው የባለቤቴ እህት ጋርም በቪዲዮ እናወራለን። አዲስ አበባ መጥቼ ሳጠያይቅ በተቀራራቢ ዋጋ ሦስት አሳዩኝ። አንዱ ካርቶኑ ያልተከፈተ እሽግ ነው፤ ሴሌሮን፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ስቶሬጅ። ሁለተኛው ያገለገለ ኮር አይ 7፣ 4ኛ ጄኔሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ። ሦስተኛው ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፤ ኮር አይ 5፣ 8ኛ ጄኔሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ። ባልደረቦቼ ‹እሽጉን ያዝ፣ ሰው የጣለውን አትግዛ› ይሉኛል። ሻጩ ደግሞ አይ 7ቱን ነው የሚያሞግሰው። ምን ይመክሩኛል? ወይስ የባለቤቴ እህት ለፋሲካ ስትመጣ ይዛልኝ ብትመጣ ይሻላል?»

መልስ፦ መምህር፣ ከሦስቱ ቲ480ውን ይያዙ። ግን ቲ480 ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ያረጀ ነው፣ ሌላው ደግሞ ተከፍቶ ተጠጋግኖ፣ በላዩ ላይ ተወልውሎ የቀረበ ነው። ስለዚህ ከምርጫው ይልቅ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሱቁ ውስጥ የሚያደርጉት ፍተሻ ይበልጣል። እሱ ላይ ትንሽ ረዘም አድርጌ እጽፍልዎታለሁ።

መጀመሪያ እሽጉን እንይ። የባልደረቦችዎ ስጋት ይገባኛል፤ ማንም ያልነካው እቃ ልብ ያሳርፋል። የዚህኛው ችግር ግን አቅሙ ነው። በዚህ ዋጋ እሽግ የሚሸጡት ሴሌሮን የሚባሉ ፕሮሰሰሮች (የላፕቶፑ አንጎል)፣ ለምሳሌ ኤን4020 የሚባለው፣ ሁለት ኮር፣ ማለትም ሁለት ሠራተኛ ክፍል ብቻ ነው ያላቸው። ክሮም ላይ አራት አምስት ገጽ ከፍተው ቪዲዮ ሲጨምሩበት ስታክ ማድረግ ይጀምራል። ከዚያ የሚብሰው 64 ጊጋው ነው። ኢኤምኤምሲ የሚባል ዓይነት ስቶሬጅ ነው፤ ኤስኤስዲ ከሚባለው ፈጣን ስቶሬጅ ይዘገያል፣ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ ስለተበየደም ነቅለው በትልቅ አይተኩትም። ዊንዶውስ 11 ለመጫን ብቻ ቢያንስ 64 ጊጋ ይጠይቃል። ዊንዶውሱና አፕዴቱ ተጠቅመው ለእርስዎ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ትንሽ ቆይቶ «ቦታ የለኝም፣ አፕዴት አልጭንም» ይላል። ራሙም፣ ማለትም የከፈቷቸውን ፕሮግራሞች ለጊዜው የሚይዘው ሜሞሪ፣ ብዙ ጊዜ እንደዚሁ የተበየደ ነው። 4 ጊጋ ገዙ ማለት እስከ መጨረሻው 4 ጊጋ ማለት ነው።

ወደ አይ 7ቱ ልምጣ። «ኮር አይ 7» የሚለው ስቲከር ብዙ ሰው ያለ አግባብ አስከፍሏል። እርስዎ ከጎኑ ያለውን ቁጥር ያንብቡ። አይ 7-4600ዩ ካለ፣ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያ አሃዝ 4 ስለሆነ 4ኛ ጄኔሬሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ባለ ሁለት ኮር ነው። የቲ480ው አይ 5-8250ዩ ደግሞ በ2017 የወጣ ባለ አራት ኮር ነው። ኢንቴል ለእንዲህ ዓይነት ቀለል ያሉ ላፕቶፖች የሚሠራቸውን አይ 5ቶች ከሁለት ኮር ወደ አራት ያሳደገው እዚህ 8ኛው ላይ ነው። ስለዚህ በ7ኛና በ8ኛ መካከል ያለው የአንድ ቁጥር ልዩነት ትልቅ ነው። ቁጥሩ ባለ አምስት አሃዝ ከሆነ፣ እንደ 10210፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት አሃዞች ይውሰዱ፤ 10ኛ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጄኔሬሽን በታች ያሉትን አይቀበልም። ሻጩ «ይኸው ዊንዶውስ 11 ተጭኖበት የለም እንዴ?» ይልዎታል። አዎ፣ ማጣሪያውን በአቋራጭ አልፎ መጫን ይቻላል። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንደዚህ ዓይነቱ ማሽን ወደፊት አፕዴት ለመላክ ቃል አይገባም። 1 ቴራውም አያጓጓዎት፤ ሃርድ ዲስክ ሆኖ ዊንዶውስ እስኪነሳ ቡና አፍልተው ይደርሳሉ። ይህ ላፕቶፕ ቀድሞም ቤትዎ የነበረ ቢሆን «ኤስኤስዲ ያስገቡለትና ይጠቀሙበት» እል ነበር። ዛሬ ብር አውጥቶ ለመግዛት ግን አይሆንም።

ቲ480 የቢሮ ላፕቶፕ ነው። ውጭ አገር ድርጅቶች በብዛት ገዝተው ለተወሰኑ ዓመታት ከሠሩበት በኋላ ያስወግዱታል፤ ከዚያ በዱባይና በአሜሪካ በኩል «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ እኛ ጋ ይደርሳል። ሁለት የራም ቦታ አለው። ባትሪውም ሁለት ነው፤ አንዱ ውስጥ ነው፣ አንዱ ከኋላ በእጅ ይወጣል። ለጥገናም ምቹ ነው። ያዩት ከተሸጠ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ወይም ዴል ላቲቲዩድ 7490 ይፈልጉ፤ የዚያው ዘመን እኩዮቹ ናቸው። ስም ላይ ብቻ ጠንቀቅ ይበሉ። ቲ470 ከቲ480 ጋር መንታ ይመስላል፤ ግን 6ኛ ወይም 7ኛ ጄኔሬሽን ነው። 840 ጂ3 6ኛ፣ ጂ4 7ኛ ነው። መጨረሻው ላይ ኤስ ያለበት ቲ480ኤስ ቀጭን ነው፣ ያምራል፤ የራሙ ግማሽ ግን የተበየደ ነው።

አሁን ወደ ፍተሻው። ጠዋት ይሂዱ፤ አመሻሽ ላይ፣ የደብረ ብርሃን መኪና እንዳያመልጥዎ እየቸኮሉ ላፕቶፕ አይገዛም። ፍላሽና የጆሮ ማዳመጫ ይያዙ። ስልክዎ ላይ ዳታ ይኑር፤ ሆትስፖት ከፍተው ዋይፋዩን ያዩበታል።

ከመክፈትዎ በፊት ይገልብጡት። ብሎኖቹ ሁሉ አሉ? ጭንቅላታቸው ተበላልቷል? የተበላላ ብሎን ብዙ እጅ እንደገባበት ይናገራል። ክዳኑን ቀስ ብለው ከፍተው ይዝጉት፤ ማጠፊያው ሲጥ ካለ ወይም ክዳኑ በአንድ ጎን ከተነሳ ይተዉት። ያበጠ ባትሪም እዚህ ጋ ይታወቃል። የመዳፊቱ ሰሌዳ (ታችፓዱ) ወደ ላይ ከተገፋ ወይም ላፕቶፑ ጠረጴዛ ላይ ከተወላገደ ውስጡ ባትሪ ሳያብጥ አልቀረም።

ሲያበሩት ወዲያው ባዮስ ውስጥ ይግቡ፤ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ የራሱ ሴቲንግ ነው። በቲንክፓድ ኤፍ 1፣ በኤችፒ ኤፍ 10፣ በዴል ኤፍ 2 ነው። ፓስወርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው አመስግነው ይውጡ። የቲንክፓድን የባዮስ ፓስወርድ ማጥፋት ቀላል ሥራ አይደለም። እንደዚሁ ሻጩን ዊንዶውሱን ሪሴት እንዲያደርግልዎ፣ ማለትም እንደ አዲስ እንዲጀምርልዎ ይጠይቁት፤ ከዚያ መጀመሪያ ሲነሳ ከሆትስፖትዎ ጋር ያገናኙት። የማያውቁት ድርጅት ስም አምጥቶ የድርጅቱን ኢሜይል ከጠየቀ፣ ላፕቶፑ ከቀድሞ ባለቤቱ መዝገብ አልወጣም ማለት ነው። ዛሬ ቢታለፍ እንኳን በሚቀጥለው ፎርማት ላይ ተመልሶ ይመጣል። ሪሴቱ ጊዜ ይወስዳል፤ እዚያው ጠብቀው ያስጨርሱት።

ቀጥሎ ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ሲጫኑ ይመጣል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ሲፒዩ ላይ ሙሉ ቁጥሩን ያገኛሉ። ሜሞሪ ላይ ደግሞ ስንት የራም ቦታ እንደተያዘ ይጽፋል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ከተያዘ ደስ ይበልዎ፤ ነገ 8 ጊጋ ጨምረው 16 ያደርጉታል። ለአሁኑ ሥራዎ 8 ይበቃል።

ባትሪው ላይ «አራት ሰዓት ይቆያል» የሚለውን ወሬ ይተዉት። «ባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ» ይበሉ። ሥራውን የሚያውቅ ልጅ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ አንድ መስመር ጽፎ ያወጣዋል። ሁለት ቁጥር ይፈልጉ፦ ዲዛይን ካፓሲቲና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ። የመጀመሪያው ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም ነው፣ ሁለተኛው ዛሬ የቀረው። 24,000 የነበረው 18,000 ከሆነ ሦስት አራተኛው አለ፤ ላገለገለ እቃ ጥሩ ነው። ከግማሽ በታች ከወረደ የባትሪውን ዋጋ ከሒሳቡ ያስቀንሱ። ቲ480 ላይ ሁለት ባትሪ ስላለ ሁለቱንም ይዩ። ቁጥሩ ቢያምርም ቻርጀሩን ነቅለው ሃያ ደቂቃ ያህል ዩቲዩብ ያጫውቱ። ፐርሰንቱ በድንገት ከ60 ወደ 20 ከወረደ ሪፖርቱን አይመኑ። ቪዲዮው እየሄደ እያለ የፋኑን ድምፅም ያዳምጡ።

ኤስኤስዲውን በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ይፈትሹ። ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ቤት ሳሉ ፍላሽዎ ላይ ይዘውት ይሂዱ፣ በዚያውም የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹን ይሞክሩበታል። ጤናውን በፐርሰንት ይነግርዎታል።

ቲ480 ላይ እኔ በጣም የምጠራጠረው ቦታ የቻርጀር ቀዳዳው ነው። ይህ ሞዴል ቻርጅ የሚያደርገው በታይፕ ሲ ብቻ ነው። ሁለት ቀዳዳ አለው፣ ሁለቱም ማዘርቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። ሁለቱንም ይሰኩባቸው፤ ሲሰኩ ቀስ አድርገው ያወዛውዙት። ቻርጅ እየቆረጠ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርድ ሥራ እየጠበቀዎት ነው። ኤሊትቡክና ላቲቲዩዱ ክብ የቻርጀር ቀዳዳም ስላላቸው በዚህ ይሻላሉ።

ስክሪኑ ላይ ነጭ ገጽ፣ ከዚያ ጥቁር ይክፈቱ፤ ነጠብጣብና ጥላ ይታያል። ሬዞሉሽኑንም ይዩ። ቲ480 በ1366 በ768ም በ1920 በ1080ም ተሠርቷል። እርስዎ የአንድ ክፍል ተማሪ ውጤት በኤክሴል ሲሠሩ የሚውሉ ሰው ነዎት፤ ሁለተኛውን ይምረጡ፣ ዓይንዎም ያርፋል። ኖትፓድ ከፍተው እያንዳንዱን ቁልፍ ይጫኑ። ካሜራውንና ማይኩን ለባለቤትዎ ደውለው ይሞክሩ።

ሁሉም ካለፈ ደረሰኝ ይቁረጡ፤ የሲሪያል ቁጥሩና የዋስትናው ጊዜ በጽሑፍ ይኑርበት። «ችግር ካለ አለሁ» የሚል የቃል ዋስትና 130 ኪሎ ሜትር ተመላልሰው ለሚመጡ ሰው ምንም አይጠቅምም።

ሶፍትዌር ላይ ብዙ አልልም። ሱቆች ኦፊስን በአክቲቬተር፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ በሚያደርግ ፕሮግራም ይጭኑልዎታል፤ ከእነዚያ ብዙዎቹ ቫይረስ ይዘው ይመጣሉ። ሊብሬኦፊስ ነፃ ነው፣ የኤክሴል ፋይልም ይከፍታል። አማርኛ ለመጻፍ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋ መጨመር ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቻርጀሩን ይንቀሉት። ብዙ ጉዳት የሚመጣው ሲጠፋ ሳይሆን ሲመለስ ነው፤ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋ በባትሪ ይሥሩ። ልጆቹም ጋቢ ላይ አስቀምጠው ፊልም እንዳያዩበት ይንገሯቸው፤ የአየር መግቢያው ከታች ነው።

የባለቤትዎ እህት ጉዳይ። የፈተና ወቅት ካልደረሰብዎትና እስከ ፋሲካ መጠበቅ ከቻሉ ጥሩ ሐሳብ ነው። አሜሪካ ውስጥ ተፈትሸው በዋስትና የሚሸጡ ያገለገሉ የቢሮ ላፕቶፖች ሞልተዋል። እዚህ ከመጣ በኋላ ግን ዋስትናው አይከተልዎትም፤ ስለዚህ ገዝታ ወዲያው ከመሳፈር ቀደም ብላ ገዝታ፣ ለጥቂት ሳምንታት ራሷ ብትሠራበት ይሻላል። ሲበላሽ የምትመልስበት ጊዜ ታገኛለች። ክሮምቡክ እንዳታመጣ ይንገሯት። ዋጋው ያጓጓል፤ ግን የዊንዶውስ ፕሮግራሞች እንደ ልብ አይጫኑበትም፣ እያንዳንዱ ሞዴልም አፕዴት የሚያቆምበት ቀን ተቆርጦለታል። የመብራቱ ነገር አያሳስብዎት። ቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ካለ እኛ አገር 220 ላይ ይሠራል፤ የሚለየው የሶኬቱ ጫፍ ነው፣ እሱን እዚህ ይቀይሩታል። ላፕቶፑን በእጅ ሻንጣ ትያዘው። ትርፍ ባትሪ ከጨመረችልዎ ደግሞ እሱም በእጅ ሻንጣ ነው የሚገባው፤ አውሮፕላን ላይ በጭነት ሻንጣ አይፈቀድም።