የአጥቢያ ኮከብ ይፈነዳል?

ጥያቄ፦ በሬ ጠምጄ ስወጣ የአጥቢያ ኮከብን አያለሁ። ደመናዋ ድፍን ነው ይባላል። ታዲያ እሳተ ገሞራዋን በምን አዩት? (ገበሬ ነኝ፣ ከቢቸና)

መልስ፦ በራዳር ነው ወንድሜ። የአጥቢያ ኮከብ የምንላት የቬነስ ፕላኔት ናት፤ ደመናዋ ገጿን ከዓይን ቢጋርድም የራዳር ሞገድ ሰንጥቆት ያልፋል። ማጄላን የተባለችው መንኮራኩር በ1990ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) ያነሳቻት እንዲህ ነው። ማሳህን አስብ። ጓል የበዛበት እርሻ ሞገዱን ይመልሳል፤ በምስሉ ላይ ይነጣል። በእበት የተለቀለቀ አውድማ ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፤ ይጠቁራል። ለስላሳ የእሳተ ገሞራ አመድም ጠቆር ይላል፤ ቋጥኝ የተቀላቀለበት ግን ይነጣል። ለዚህ ነው የምስሉ ንባብ የሚያከራክረው።

ፍንዳታው ግን ቀላል አይደለም። የቬነስ አየር ከእኛ 90 እጥፍ ገደማ ይጫናል፤ ጋዙን አፍኖ ይይዘዋል። የቀለጠው ዐለት ጋዝ ካልበዛበት ዝም ብሎ ይፈሳል። ማት ሞንስ በተባለው የቬነስ እሳተ ገሞራ ላይ ግን በ1991 አንድ የእሳተ ገሞራ አፍ በስምንት ወር ውስጥ ሰፍቶ ቅርፁን ቀይሯል። ይህ የታወቀው በ2023 ነው፣ የድሮውን ምስል ደግመው ሲያዩ።