አንድ ትዕዛዝ ሲላክ 200፣ ሁሉም ሲልክ 503፦ ናይፋይ መልሱን የት ጣለው?

ጥያቄው የመጣው ከአዲስ አበባ፣ በአንድ የሸቀጥ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ ከምትሰራ የዳታ ባለሙያ ነው። አሳጥሬዋለሁ፦

«የሽያጭ ሰራተኞቻችን ከየሱቁ ትዕዛዝ በስልክ መተግበሪያ ይልካሉ። አፓቼ ናይፋይ (ዳታ ከቦታ ቦታ የሚያስተላልፍ ሶፍትዌር) በ9090 ፖርት ይቀበልና ፖስትግሬስ ዳታቤዝ ውስጥ ያስገባል፤ ከዚያ 200፣ ማለትም ተሳክቷል፣ ብሎ ይመልሳል። እኔ ከላፕቶፔ በከርል ፕሮግራም አንድ ትዕዛዝ ስልክ ወዲያው መልስ አገኛለሁ። ጠዋት ሁሉም መላክ ሲጀምር ግን አብዛኞቹ ስልኮች አንድ ደቂቃ ጠብቀው 503 (አገልግሎቱ አሁን የለም) ይመጣባቸዋል። ዳታቤዙን ስከፍት ትዕዛዙ ገብቷል! መተግበሪያው አልደረሰም ብሎ ደግሞ ይልካል፤ 10 ካርቶን ዘይት ያዘዘ ባለሱቅ 30 ይጫንለታል። የመጠበቂያውን ጊዜ ወደ 5 ደቂቃ ባሳድገው 5 ደቂቃ ጠብቆ ያው 503። ሌላም አለ፦ የደንበኛው ስም በአማርኛ ሲጻፍ አንዳንዱ ትዕዛዝ ጄሰኑ (ትዕዛዙ የተጻፈበት የዳታ ቅርጽ) ተበላሽቷል ተብሎ ይወድቃል።»

እህቴ፣ የፍሎውሽን (ናይፋይ ውስጥ የቀጣጠልሽውን የስራ መስመር) ስክሪንሾት አያይዘሽ መላክሽ ብዙ ድካም ቀንሶልኛል። ሰርቨሩ ደክሞ ነው፣ ራም ይጨመርለት የሚልሽ ሰው አይጠፋም። ለጊዜው አትስሚው። አንቺው የጻፍሽው ይበቃል፦ መጠበቂያውን ከ1 ወደ 5 ደቂቃ ስታሳድጊ የዘገየው 503ቱ ብቻ ነው። ሰርቨሩ ቀርፋፋ ቢሆን ኖሮ ጊዜ ሲጨመርለት ቢያንስ የተወሰኑት ስልኮች ዘግይተውም ቢሆን 200 ባገኙ ነበር። ስለዚህ መልሱ እየዘገየ አይደለም፤ ጭራሽ እየጠፋ ነው።

የት እንደሚጠፋ ለማየት ናይፋይ ጥያቄና መልስን እንዴት እንደሚያገናኝ ማወቅ ይጠቅማል። ናይፋይ የተወለደው የአሜሪካው ብሔራዊ ደህንነት ኤጀንሲ ውስጥ ነው፤ ያኔ ስሙ ናያጋራፋይልስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአፓቼ ተሰጠ። የተሰራው ዳታን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ለማፍሰስ ነው። በር ላይ ቆሞ መልስ የሚጠብቅ ደንበኛ ለእሱ ትንሽ እንግዳ ነው። ለዚህም ስራውን ለሁለት ከፍሎታል። ሃንድል ኤችቲቲፒ ሪኩዌስት ይቀበላል፣ ሃንድል ኤችቲቲፒ ሪስፖንስ ይመልሳል። ስማቸው ስለሚረዝም ከዚህ በኋላ ተቀባዩና መላሹ እያልኩ እሄዳለሁ።

ስልኩ ትዕዛዝ ሲልክ ተቀባዩ መስመሩን ሳይዘጋ ይይዘውና ኮንቴክስት ማፕ የሚባለው አገልግሎት ውስጥ ያስቀምጠዋል። ለትዕዛዙ ፍሎውፋይል፣ ማለትም ናይፋይ ውስጥ የሚዞር የዳታ እሽግ፣ ይሰራለታል። በላዩ ላይ «ኤችቲቲፒ ዶት ኮንቴክስት ዶት አይደንቲፋየር» የሚል አትሪቢዩት (የመረጃ ምልክት) ይለጥፍበታል። ይህ አትሪቢዩት ሱፐርማርኬት በር ላይ ቦርሳ አስቀምጠሽ እንደምትቀበዪው ካርድ ነው። ካርዱን ሳይዝ መላሹ ጋ የደረሰ ፍሎውፋይል የማን መልስ እንደሆነ አይታወቅም። ማፑ ካልነካሽው እስከ 5000 ክፍት ጥያቄ ይይዛል፤ እያንዳንዱን ጥያቄ ደግሞ 1 ደቂቃ ይጠብቃል። ደቂቃዋ ካለፈች በራሱ 503 ልኮ መስመሩን ይዘጋል። ስልኮችሽ የሚያዩት ይህንን 503 ነው።

አሁን ወደ ስክሪንሾቱ። ተቀባዩ፣ ቀጥሎ ብዙ ትዕዛዝ ወደ አንድ የሚቀላቅለው መርጅ ሪኮርድ፣ ቀጥሎ ዳታቤዝ የሚያስገባው ፑት ዳታቤዝ ሪኮርድ፣ መጨረሻ ላይ መላሹ። መርጅ ሪኮርድን ያስገባሽው ዳታቤዙን በየትዕዛዙ ላለማንኳኳት እንደሆነ ይገባኛል፤ ሃሳቡ ክፉ አይደለም። ግን እዚያ ውስጥ አትሪቢዩት ስትራቴጂ የሚል ቦታ አለ። ካልነካሽው የሚይዘው «ኪፕ ኦንሊ ኮመን አትሪቢዩትስ» የሚለውን ነው። ይህም ማለት የሚቀላቀሉት ፍሎውፋይሎች ሁሉ ላይ አንድ ዓይነት የሆነውን አትሪቢዩት ያስቀራል፣ የሚለያየውን ይጥላል። ካርዱ ደግሞ በየትዕዛዙ ይለያያል። 40 ትዕዛዝ ሲቀላቀል 40ውም ካርድ ተጣለ ማለት ነው። ዳታው በሰላም ዳታቤዝ ይገባል። መላሹ ግን ለማን እንደሚመልስ አያውቅም።

ታዲያ ከላፕቶፕሽ ስትልኪ ለምን ሰራ? መርጅ ሪኮርድ ካልነካሽው ዝቅተኛው የሪኮርድ ብዛት 1 ነው። ወረፋው ላይ አንድ ብቻ ካገኘ አንዱን ይዞ ያልፋል። ብቻውን ስለሆነ ከማንም ጋር የሚለያይ አትሪቢዩት የለውም፤ ካርዱ ይተርፋል፤ 200 ይመጣል። ጠዋትም ቢሆን በአጋጣሚ ብቻውን ያለፈ ትዕዛዝ መልስ ያገኛል። «ሁሉም» ሳይሆን «አብዛኞቹ» ያልሽው ለዚህ ነው።

እኔን ብቻ አትመኚ፤ ራስሽ እዪው። መላሹን አቁሚና ከላፕቶፕሽ 20 ትዕዛዝ ባንዴ ልቀቂ። መላሹ ፊት ያለውን ወረፋ በቀኝ ክሊክ ተጫኚና «ሊስት ኪው» በዪ። አንዱን ፍሎውፋይል ከፍተሽ አትሪቢዩቶቹን ተመልከቺ። ኤችቲቲፒ ዶት ሜተድ (የጥያቄው ዓይነት) «ፖስት» ብሎ ቁጭ ብሏል፤ ሁሉም ፖስት ነዋ። አይደንቲፋየሩ ግን የለም።

መላሹን መልሰሽ ስታስነሺው ደግሞ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ እስከ መጨረሻው አንብቢ። ሁለት የሚመሳሰሉ መልእክቶች አሉ፣ ሰው ያደበላልቃቸዋል። አንደኛው ፍሎውፋይሉ አይደንቲፋየር የለውም ይላል፤ ያንቺ ይህ ነው። ሁለተኛው አይደንቲፋየሩ አለ፣ ግን በዚህ አይደንቲፋየር የተቀመጠ ክፍት መስመር አጣሁ ይላል። ይህን ሁለተኛውን አንድ ቀን ካየሽው ምክንያቱ ሌላ ነው፦ ጊዜው አልፏል፣ ናይፋይ መሃል ላይ ጠፍቶ እንደገና ተነስቷል፣ ወይ ተቀባዩና መላሹ የተለያየ ኮንቴክስት ማፕ ላይ ተመድበዋል።  ክላስተር (አብረው የሚሰሩ ብዙ የናይፋይ ሰርቨሮች፤ እያንዳንዱ ኖድ ይባላል) ካላችሁ ደግሞ ማፑ ያለው በየኖዱ ሚሞሪ ውስጥ ስለሆነ፣ በመሃል ፍሎውፋይሉን ወደ ሌላ ኖድ ካሻገርሽው ሌላኛው ኖድ መስመሩን አያውቀውም።

ለዛሬ ማታ የሚሆን ጥገና ልንገርሽ። መርጅ ሪኮርድ የተቀላቀለውን «መርጅድ» በሚለው መስመር ያወጣል፣ የተቀላቀሉትን ጥሬዎች ደግሞ «ኦሪጅናል» በሚለው። አንቺ ኦሪጅናሉን ኦቶ ተርሚኔት (እዚያው እንዲጣል) አድርገሽዋል። ካርዶቹ በሙሉ የሚጣሉት እዚያ ነው! ያንን መስመር ወደ መላሹ ሳቢው። ከፑት ዳታቤዝ ሪኮርድ ወደ መላሹ የሚሄደውን ደግሞ አንሺው። ነገ ጠዋት 503ቱ ይቆማል።

በሳምንቱ መጨረሻ ግን አስተካክለሽ ስሪው። ስልኩ መርጅና ዳታቤዝ እስኪያልቅ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም። ትዕዛዙን ተቀብለሽ፣ ደህና መሆኑን አይተሽ፣ ወዲያው መልሺ። ስለዚህ ከተቀባዩ ቀጥሎ ኢቫልዩዌት ጄሰን ፓዝ አድርጊና የትዕዛዙን መለያ ቁጥር ወደ አትሪቢዩት አውጪ። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ውጤቱን ወደ አትሪቢዩት ሲያወጣ፣ መለያው ጄሰኑ ውስጥ ባይኖርም አይጮህም፤ ባዶ አትሪቢዩት ሰርቶ ያልፋል። ስለዚህ ከኋላው ራውት ኦን አትሪቢዩት አስገቢና መለያው ባዶ የሆነውን ለይተሽ አውጪ። ባዶ የሆነውም፣ ጄሰኑ የማይነበበውም፣ ሁለቱም 400 (የተላከው ጥያቄ ስህተት አለበት) ወደሚመልስ ሌላ መላሽ ይሂዱ። የውድቀት መስመርን ኦቶ ተርሚኔት አድርጎ መተው ስልኩን አንድ ደቂቃ ሙሉ ማስጠበቅ ነው።

ደህና ከሆነው መስመር ሁለት ቀስት አውጪ። ናይፋይ ፍሎውፋይሉን ለሁለቱም ያባዛዋል። አንዱ ወደ መርጅና ወደ ዳታቤዝ ይሄዳል። ሌላው ወደ መላሹ፤ የስቴተስ ኮዱ 202 ይሁን፤ ተቀብዬዋለሁ፣ ገና እሰራዋለሁ እንደማለት ነው። መተግበሪያውን የሰራው ልጅ 200ን ብቻ እንደ ስኬት ቆጥሮ ከሆነ 202 ሲያይ እንደገና መላኩ አይቀርምና ቀድመሽ አስጠንቅቂው። መላሹ ደግሞ የሚልከው ፍሎውፋይሉ ውስጥ ያለውን ነገር ነው። ዝም ካልሽው ስልኩ የላከውን ትዕዛዝ ራሱን መልሶ ያገኛል። ከመላሹ በፊት ሪፕሌስ ቴክስት አስገብተሽ ይዘቱን በመለያ ቁጥሩ ብቻ ተኪው፤ ለስልኩም ለኔትወርኩም ይቀለዋል።

«202 ካልኩ በኋላ ፖስትግሬስ ቢወድቅስ?» ትዪኝ ይሆናል። ወረፋው ላይ ያለ ፍሎውፋይል ዲስክ ላይ ይጻፋል፤ ናይፋይ ጠፍቶ እንደገና ቢነሳም እዚያው ነው። የሚጠፋው ክፍት መስመሩ ብቻ ነው። ወረፋው ካልነካሽው በ10,000 ፍሎውፋይል ወይም በ1 ጊጋባይት ይሞላል። ያኔ ከኋላ ያለው ሁሉ በየተራ ይቆምና በመጨረሻ ተቀባዩ ራሱ 503 ማለት ይጀምራል። ይኼኛው እውነተኛ 503 ነው፤ ተይው። ከመላሹ በፊት ያሉትን ወረፋዎች ግን ወደ 100 አካባቢ አውርጂያቸው። አለዚያ ሺህ ትዕዛዝ እዚያ ተከማችቶ ሁሉም ደቂቃቸው ያልፍና፣ ስልኮቹ ደግመው ልከው፣ በኋላ ሁለቱም ይገባሉ።

ይህንን ሁሉ አድርገሽም ድግግሞሹ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። 202 ከናይፋይ ወጥቶ ስልኩ ጋ ሳይደርስ ኔትወርክ ሊቆረጥ ይችላል፤ እዚህ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ድግግሞሽን መከላከል ያለበት ዳታቤዙ ነው። መለያ ቁጥሩን ስልኩ ራሱ ይስራው፤ ሰራተኛው ትዕዛዙን ሲመዘግብ አንዴ ይሰራ እንጂ በተላከ ቁጥር አዲስ አይሁን። ፖስትግሬስ ላይ በዚያ አምድ ላይ ዩኒክ ኮንስትሬንት (አንድ መለያ ሁለት ጊዜ እንዳይገባ የሚከለክል ደንብ) አስቀምጪ። ፑት ዳታቤዝ ሪኮርድ ላይ ዳታቤዝ ታይፑን ፖስትግሬስ፣ ስቴትመንት ታይፑን ኢንሰርት ኢግኖር አድርጊ፤ አፕዴት ኪስ በሚለው ቦታ የመለያውን አምድ ስም ጻፊ። የተደገመ ትዕዛዝ ሲመጣ ሳይንጫጫ ያልፈዋል። ዩኒክ ኮንስትሬንቱን ብቻ አስቀምጠሽ ኢንሰርቱን እንዳለ ከተውሽው ግን አንድ የተደገመ ትዕዛዝ አብሮት የተቀላቀለውን ሁሉ ይዞ ይወድቃል።

ወደ አማርኛው ስም እንምጣ። ጥርጣሬዬ ናይፋይ ላይ አይደለም፣ መተግበሪያው ላይ ነው። በዩቲኤፍ 8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ፣ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «አበበ» 3 ፊደል ነው፣ 9 ባይት ነው። መተግበሪያው ኮንተንት ሌንግዝ የሚባለውን ሄደር ሲሞላ ባይት በመቁጠር ፈንታ ፊደል ከቆጠረ፣ በየአማርኛ ፊደሉ 2 ባይት ያንሳል። ተቀባዩ የተነገረውን ያህል ብቻ ያነባል፤ የጄሰኑ ጭራ ይቀራል። የወደቀ ትዕዛዝ ከፍተሽ መጨረሻውን እዪ። የመዝጊያው ቅንፍ ከሌለና የጎደለው ባይት ልክ የአማርኛ ፊደሎቹ እጥፍ ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ለልጁ ላኪለት። አንዳንዱ ብቻ የሚወድቀው ምናልባት የቆየ ቨርዥን የያዙ ስልኮች ስላሉ ነው፤ ዩዘር ኤጀንት ሄደሩም አትሪቢዩት ሆኖ ስለሚመጣ ከዚያ ታዪዋለሽ።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር። ስልኮቹ ከቢሮ ውጭ ናቸው፤ 9090 ደግሞ በተራ ኤችቲቲፒ ክፍት ነው። ኤስኤስኤል ኮንቴክስት ሰርቪስ ስጪው፣ ወይም ኢንጂንኤክስ (ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ውስጥ የሚያሳልፍ ዌብ ሰርቨር) ፊቱ አቁሚለት። ኢንጂንኤክስ ካስገባሽ እሱም የራሱ 60 ሰከንድ መጠበቂያ አለው፤ ሲያልፍበት የሚመጣው 504 ስለሆነ ከ503ቱ ጋር አታምታቺው። ተቀባዩ ላይ ደግሞ ጌት፣ ፑትና ዲሊት የሚባሉት ሌሎች የጥያቄ ዓይነቶች ሳትነኪያቸው ክፍት ናቸው። ዝጊያቸው። «አላውድ ፓዝስ» የሚለው ላይ የትዕዛዝ መቀበያውን ፓዝ ብቻ ጻፊ፤ ሌላው 404 ያገኛል።

ከመልቀቅሽ በፊት በአንድ ትዕዛዝ አትፈትኚ፤ እስካሁን ያታለለሽ እሱ ነው። 200 የተለያየ መለያ ያላቸው ትዕዛዞች ፋይል አዘጋጂ፣ የአማርኛ ስም ያላቸውም ይኑሩበት። ከርልን በኤክስአርግስ (አንድን ፕሮግራም ብዙ ጊዜ ባንዴ በሚያስነሳ መሳሪያ) 20 20 አድርገሽ ባንዴ ልቀቂ። ስንት 202 እንደመጣና ፖስትግሬስ ውስጥ ስንት ረድፍ እንደገባ ቁጠሪ። ከዚያ ያንኑ ፋይል ሳትነኪ ድጋሚ ላኪው። ሁለተኛውም ዙር 200 ጊዜ 202 ይመልስልሻል፤ የረድፎቹ ቁጥር ግን ንቅንቅ ማለት የለበትም።