በጣት የሚራገፈው ቢጫ

ጥያቄ፦ ካድሚየም ሰልፋይድን፣ ማለትም የካድሚየምና የድኝ (ሰልፈር) ቢጫ ውህድን፣ ከሙሙት ውስጥ በመስታወት ላይ እንደ ስስ ሽፋን ለማሳደግ እየሞከርኩ ነው። ካድሚየም ሰልፌት፣ አሞኒያና ታዮዩሪያ (ድኝ ያለበት ውህድ) ቀላቅዬ ቢከሩን 80 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ውሃ ውስጥ አስቀምጣለሁ። ወዲያው ሁሉም ቢጫ ሆኖ ይደፈርሳል። መስታወቱም ይለብሳል፤ ነገር ግን በጣት ስነካው እንደ ዱቄት ይራገፋል። እንዲፈጥን ብዬ ታዮዩሪያ ብጨምር ባሰበት። ምን አጠፋሁ?
የፊዚክስ ተማሪዋ

መልስ፦ ችኮላ ነው ያጠፋሽው። ያ ድፍርስ የሚነግርሽ ካድሚየሙና ሰልፋይዱ (ከታዮዩሪያው የሚወጣው የድኝ አዮን) መስታወቱ ጋር ሳይደርሱ መንገድ ላይ ተገናኝተው ብናኝ መሆናቸውን ነው። መስታወትሽ ላይ ያለው ሽፋን ያው ብናኝ ነው፤ አረፈበት እንጂ አልበቀለበትም።

አሞኒያ የገባው ካድሚየሙን አስሮ እንዲያቆይልሽ ነው። አራት የአሞኒያ ሞለኪውሎች አንዱን የካድሚየም አዮን ከበው ይይዙታል፤ ነጻ የሚወጣው ጥቂት ጥቂቱ ብቻ ነው። ታዮዩሪያም በአልካሊ ውስጥ ሲሞቅ ሰልፋይዱን በዝግታ ይሰጣል። አንቺ ግን ሰጪውን አበዛሽው። ታዮዩሪያውን ቀንሺ፣ አሞኒያውን ጨምሪ፣ ሙቀቱን ወደ 65 አውርጂ። ደግሞ ቢከሩን ክደኚ! እኔ አንድ ጊዜ ክዳኑን ረስቼ ክፍሉ በአሞኒያ ሽታ ተሞላ፤ የሸተተኝ ካድሚየሙን አስሮ መያዝ የነበረበት አሞኒያ ነው። ሽፋኑ ሲታይ ያምር ነበር፤ ውሃ ሳፈስበት ተገፎ ወረደ።

መስታወቱን አታስተኚው፤ ዘንበል አድርገሽ አቁሚው። ብናኙ ወደ ታች ስለሚወርድ የተሻለው ሽፋን ቁልቁል የሚያየው ገጽ ላይ ያለው ነው። ከዚያ በፊት ግን እጥበቱን ፈትሺ፦ ውሃው ወጥ ሆኖ ካልተዘረጋና ጠብታ ጠብታ እየሆነ ከተሰበሰበ ቅባት አለበት።

ደማቅ ቢጫ አትጠብቂ። በፀሐይ ብርሃን ሴሎች ውስጥ ይህ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ 50 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ በዚህ ውፍረት ቢጫነቱ እምብዛም አይታይም። ሙሙቱ መደፍረስ ሲጀምር መስታወቱን አውጪ፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው በአብዛኛው ብናኝ ነው።

ካድሚየም መርዝ መሆኑን ሳላነሳ አላልፍም። ጓንት አድርጊ፤ በአየር መሳቢያ ሥር ሥሪ፤ ያለቀለትን ሙሙትም ሆነ ማለቅለቂያውን ውሃ ለብቻው በጠርሙስ አጠራቅሚ እንጂ ወደ ፍሳሽ አትልቀቂ።

ሲደርቅ ፕላስተር ለጥፈሽ ላጪው። ፕላስተሩ ንጹሕ ሆኖ ከተነሣ ጻፊልኝ፤ ቢጫ ይዞ ከተነሣም እንዲሁ።