ሻንጣ ውስጥ የቀረው ቀሚስ

«በየክረምቱ ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ሄደን አንድ ሳምንት እንቆያለን። ከጉዞው በፊት ለሦስቱም ልጆቼ ከአንድ ጨርቅ ልብስ እሰፋላቸዋለሁ፤ ያንን ለብሰው ፍቅር ሐይቅ ዳር ፎቶ ይነሳሉ። ዘንድሮ የ14 ዓመቷ ልጄ ‹አልለብሰውም፣ ሰው ይስቅብኛል› አለች። ጥልፉ ብቻ ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ ቀረ። ባለቤቴ ‹ለጨርቅ ነው እንዴ የምታለቅሺው?› አለኝ። ከተመለስን ጀምሮ የስፌት መኪናዬን አልነካሁም። ልጄ ንቃኝ ይሆን?»

ውድ ጠያቂዬ፣ የሚያለቅሱት ለጨርቅ አይደለም። በረጅሙ ደብዳቤዎ መሀል፣ እናትዎ ለገበያ ሲጠልፉ ኖረው ለእርስዎ ግን አንድም ቀሚስ እንዳልጠለፉልዎ ጽፈው አልፈዋል። እኔ ግን እዚያ ላይ ቆሜ ቀረሁ። የእናትዎ መርፌ የቤቱን ቀለብ የሚያመጣ ስለነበር ለልጅ የሚተርፍ ጊዜ አልነበረውም። እርስዎ ያጡትን ለልጆችዎ ሲሰጡ ኖረዋል፤ በየዓመቱ የሚሰፉት ልብስ ለዚያች ቀሚስ ላላገኘች ልጅም ጭምር ነው። ልጅዎ ግን ያ ረሃብ የለባትም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሲሰፋላት ላደገች ልጅ ቀሚሱ ብርቅ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ የቤቱ ሕግ ሊመስላት ይችላል። ስለዚህ እርስዎ ፍቅር ብለው የዘረጉላትን እርሷ ትእዛዝ አድርጋ አየችው።

ዕድሜዋም አለበት። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዴቪድ ኤልካይንድ በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ በጉርምስና ዕድሜ ያሉ ልጆች ዘወትር የሚመለከታቸውና የሚመዝናቸው ሰው ያለ እንደሚመስላቸው አስረድቷል። ይህንንም ምናባዊ ተመልካች ብሎ ጠርቶታል። በክረምት እረፍት ሰው የሞላበት የሐይቅ ዳርቻ ለእርሷ መድረክ ነው። እዚያ ከታናናሾቿ ጋር አንድ ዓይነት ለብሶ መቆም «እኔም ገና ሕፃን ነኝ» ብሎ እንደ ማወጅ ይሆንባታል። ይህ ንቀት አይደለም።

ይሁንና ያለችው ቃል እንዳቆሰለዎት ልታውቅ ይገባል፤ ዋጥ አድርጉት አልልዎትም። ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ «እምቢ ማለትሽ ሳይሆን ሰው ይስቅብኛል ማለትሽ አስከፋኝ። ሳልጠይቅሽ መስፋቴ ደግሞ የእኔ ጥፋት ነው» ይበሏት። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይከብድዎት ይሆናል፤ እውነት ስለሆነ ግን አይተዉት። ቁመቷን ለክተዋል፣ ወገቧን ለክተዋል፣ ምን እንደምትወድ ግን አልጠየቋትም። «ስንት ሌሊት ዓይኔን ያጠፋሁበት» የሚለውን ግን እባክዎን አያንሱ፤ ስጦታውን ዕዳ ያደርገዋል፣ ልጅ ደግሞ ከባለዕዳነት ይሸሻል።

ለባለቤትዎም ስለ እናትዎ የጻፉልኝን ይንገሯቸው። እስካሁን ሰምተውት አያውቁ ይሆናል።

ሌላም ነገር ጽፈውልኛል፤ በ7 ዓመቷ ከቀሚሷ ቁራጭ የሰፉላትን የእርሳስ መያዣ ዛሬም ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትምህርት ቤት እንደምትሄድ። ማንም አላስገደዳትም፤ ጓደኞቿም ያዩታል። ራሷ መርጣ የያዘችው የእጅዎ ሥራ ይህ ነው፤ እኔ ብሆን «ንቃኝ ይሆን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከዚያ እወስዳለሁ።

ለሚመጣው ክረምት ጨርቁን መርካቶ ወርዳችሁ አብራችሁ ምረጡ። ለራሷ ሻርፕ ወይም የትከሻ ቦርሳ ብቻ ከፈለገች ያንን ይስፉላት። ምንም አልፈልግም ካለችም ይቀበሏት፤ በገዛ ልብሷ ሆና ከወንድምና እህቷ ጋር ፎቶውን ትነሳ። ታናናሾቹንም ከአሁኑ መጠየቅ ይጀምሩ። የስፌት መኪናውን ግን እስከዚያ አይጠብቁ። በዚህ ወር ይክፈቱትና ለራስዎ አንድ ቀሚስ ይስፉ፤ ጥልፉም በልጅነትዎ ይመኙት የነበረው ዓይነት ይሁን።

ሻንጣ ውስጥ የቀረውን ቀሚስ አሳጥረው ለታናሿ አይስጡት፣ ለዘመድም አይላኩት። አጥበውና ተኩሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ይስቀሉት፤ ምን ይሁን የሚለውን እርሷ ትወስን።