መልስ፦ ታርዛን በሁለት ሰዓሊ እጅ

"ታሪኩ ያው ከሆነ ሰዓሊው ቢቀየር ምን ለውጥ አለው?" ላልከው፣ ኧረ ብዙ አለው! በእሁድ ጋዜጣ በተከታታይ ሥዕል ይወጣ የነበረውን፣ ጫካ ውስጥ ያደገውን የታርዛንን ታሪክ ተመልከት። ሃል ፎስተር ከ1931 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲስለው ጫካው ሰፊና ጸጥ ያለ ነው። ታርዛን ቅርንጫፍ ላይ ሲቆም ክብደቱ እግሩ ላይ ማረፉ ይታይሃል። በ1937 በርን ሆጋርት ተረከበው። መጀመሪያ የፎስተርን እጅ ለመምሰል ይጥር ነበር። ቀስ በቀስ ግን የራሱን አመጣ፦ ሥሩ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ዛፍ፣ የተገተረ ጅማት፣ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ ውጥረት። ታርዛን ቆሞ እንኳ ሊዘል ያለ ይመስላል። ያው ጫካ አሁን ያስፈራል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ጡንቻው ይበዛብኛል። ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርግና ጽሑፉን በእጅህ ሸፍነው፤ የማን እንደሆነ ወዲያው ትለያለህ።